የቆየ መኪና ዋጋ የሚቆረጠው በምንድን ነው?

የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ክበቦች በሚያዘጋጁት ትርዒት ላይ ሦስት ዓይነት ተመልካች አይጠፋም። አንደኛው ልጆቹን ይዞ መጥቶ ከመኪናው ፊት ፎቶግራፍ ይነሳል። ሁለተኛው ወደ ኋላ ዞሮ የሞተሩን ክዳን ያስከፍትና አንገቱን ደፍቶ ይቆያል። ሦስተኛው ብዙ አይናገርም። መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞርና ባለቤቱን ጠጋ ብሎ፣ «ስንት ብትሉን ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ ሦስተኛውን ነው።

ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቮልሶችን ለምሳሌ እንውሰድ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት ናቸው። አንደኛው ደማቅ ቀይ ቀለም በቅርቡ ተቀብቷል፣ ሰፋፊ ቸርኬ ገብቶለታል፣ ወንበሩም አዲስ ቆዳ ለብሶ ያብረቀርቃል። ሌላው ቀለሙ ደብዝዟል፣ ፓራፋንጎው ላይ ጭረት ይታያል፣ ወንበሩም ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው። ገበያውን የማያውቅ ገዢ ቀጥታ ወደ ቀዩ ይሄዳል። የሚያውቀው ግን ደብዛዛው አጠገብ ቆሞ መደራደር ይጀምራል፤ ለእርሱም የበለጠ ዋጋ ይሰጣል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት የቆየ መኪና ገበያ ከተራው የመኪና ገበያ በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል። በተራው ገበያ ሰው የሚገዛው አገልግሎት ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ስንት ሊትር ይበላል፣ መለዋወጫው ይገኛል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በቆየ መኪና ገበያ የሚገዛው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይለወጥ የቆየ፣ ዛሬ ተመልሶ ሊሠራ የማይችል ዕቃ ነው። አዲስ ቀለም በማንኛውም ቀን ሊቀባ ይችላል። የፋብሪካው ቀለም ግን አንዴ ተፍቆ ከወረደ አይመለስም።

አሮጌ ሁሉ ክላሲክ አይደለም

እንደሚታወቀው በከተማችን «ክላሲክ» የሚለው ቃል ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይነገራል። ሻጭ ሲሆን ደግሞ ቃሉ ይበዛል። ይሁን እንጂ በዓለም ገበያ ቃሉ የራሱ ወሰን አለው። በእንግሊዝ አገር በቆየው ልማድ እስከ 1904 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የተሠሩት «ቬተራን» ይባላሉ። ከ1919 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ደግሞ «ቪንቴጅ» ናቸው። «ክላሲክ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ለመጡትና ዕድሜያቸው ለገፋ ተፈላጊ ሥሪቶች የሚሰጥ ሰፋ ያለ መጠሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የዓለም አቀፍ ጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በምህጻሩ ፊቫ፣ መለኪያውን በግልጽ አስቀምጧል። መኪናው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በታሪካዊ ይዘቱ ተጠብቆ የተያዘና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነ መሆን አለበት። ጀርመን ይህንኑ የ30 ዓመት ወሰን ይዛ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእነዚህ መኪኖች ልዩ ሰሌዳ ትሰጣለች። ባለቤቶቹም እንደ ሞተሩ መጠን ሳይሆን አንድ ወጥ ዓመታዊ ግብር ይከፍላሉ። ሰሌዳውን ለማግኘት ታዲያ ዕድሜ ብቻ አይበቃም፤ ባለሙያ መርምሮ የመኪናው ይዘት ያልተለወጠ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። ዕድሜ በሩን ይከፍታል እንጂ ዋጋ አይቆርጥም። አርባ ዓመት የሞላው፣ ሞተሩም ካምቢዮውም የሌላ መኪና የሆነ፣ ላሜራው በስቱኮ የተሞላ ተሽከርካሪ አሮጌ መኪና ነው። ክላሲክ የሚያሰኘው ነገር ከላዩ ወርዷል።

እነዚህ መኪኖች ከየት መጡ?

ኢትዮጵያ ከመኪና ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ያዩት በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ወልስሊ የተባለውን መኪና ከጂቡቲ ጠረፍ አንስቶ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ አዲስ አበባ አድርሶታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ሮልስ ሮይስን የመሳሰሉ ታላላቅ መኪኖችን ይዞ ነበር። የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ሲከፈትም ከሚታዩት ቅርሶች መካከል የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች ይገኙባቸዋል።

ሕዝቡ በየዕለቱ የሚያያቸው ግን ሌሎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ትንሿ ፊያት 600፣ በእኛ አገር አጠራር ሴይቼንቶ፣ በታክሲነት አዲስ አበባን አገልግላለች። እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበው ፔጆ 404 በጠንካራነቱ ስም ያተረፈ ሲሆን፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። ላንድሮቨር ደግሞ መንገድ ባልገባበት አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የሚሲዮኖች ተመራጭ ነበረች።

ከሁሉም በላይ ግን ቮልስ አለች። የዚች መኪና ታሪክ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተገናኘበት አንድ ቀን አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን ሲያወርድ፣ ከቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን ነበር። ያን ቀን የኖረ ሰው ይህንን አይዘነጋም። ሮልሶቹ ዛሬ በሙዚየም ተጠብቀው ይታያሉ። የቮልሶቹ ዕጣ ግን በባለቤቶቻቸውና በገበያው እጅ ነው።

ቮልስ ለምን ተረፈች?

ገበያን የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ተሠራ ብሎ ነው። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1945 ማብቂያ በብዛት መመረት ከጀመረች አንስቶ የመጨረሻዋ መኪና በሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. እስከወጣችበት ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1972 ላይ 15,007,034 ሆና የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰብራለች። በዚህ ቁጥር ከተመዘነ ቮልስ ብርቅ መኪና አይደለችም።

ይሁንና ብዛቷ ራሱ ለባለቤቱ ጥቅም ሰጥቷል። ለረጅም ዘመንና በብዙ አገሮች ስለተሠራች መለዋወጫዋ ከገበያ አልጠፋም። ከአውሮፓ ቢጠፋ ከብራዚልና ከሜክሲኮ ይገኝ ነበር፤ ዛሬም አዲስ የሚያመርቱ አሉ። የሚሠራት መካኒክም ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሞተሩ በጥቂት ብሎኖች ተፈትቶ ከሥር ይወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑ ነው። ራዲያተር የለውም፤ ስለሆነም የሚፈላ ውኃ፣ የሚፈነዳ ቱቦ የለም። ዓባይ በረሃን ለወጣና እንጦጦን ለሚያውቅ አሽከርካሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ማንኛውም ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከመነሻው 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት የ1200 ቮልስ ዳገት ላይ የምትዘገየው በሽታ ኖሮባት ሳይሆን በተፈጥሮ ምክንያት ነው። ይህንን የማያውቅ ገዢ ደህናውን ሞተር አውልቆ ሌላ ያስገባል፤ በዚያው ቅጽበትም የመኪናውን ዋጋ ያወርዳል።

ብርቅ የሚሆኑት የተወሰኑ ሥሪቶች ናቸው። የኋላ መስታወታቸው ለሁለት የተከፈለው እስከ መጋቢት 1953 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ናቸው። ከዚያ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠሩት የኋላ መስታወታቸው እንቁላል ቅርጽ ያለው ነው። እነዚህ ሁለቱ በማንኛውም አገር ገበያ ከቀሩት ተለይተው ይፈለጋሉ። ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የፊት መብራቱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፓራውልቱም ወፍራም ሆኗል። ስለዚህ ከዚህ ቀን በፊት ወጣ የተባለ መኪና ወፍራሙን ፓራውልት ይዞ ከተገኘ፣ ወይ ተለውጧል ወይ የተነገረው ዓመት ትክክል አይደለም።

የገበያው በር ሲዘጋ

ያለፉት ጥቂት ዓመታት የአገራችንን የመኪና ገበያ ከሥሩ የለወጡ ሦስት ነገሮች ተከትለው መጥተዋል። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ነው። አዋጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እያደገ የሚሄድ ታክስ የጣለ ሲሆን፣ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገሉት ላይ ምጣኔው ከ400 በመቶ በላይ ደርሷል። ከውጭ የቆየ መኪና ገዝቶ ለማስገባት ያሰበ ሰው ሐሳቡ በዚያው አበቃ።

ሁለተኛው በጥር 2016 ዓ.ም. የተሰማው ውሳኔ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። ሦስተኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በዚያው ልክ ተሰቀለ።

የሦስቱ ድምር ለነጋዴ የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ያለው የቆየ መኪና ቁጥር ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። ቁጥሩ የማይጨምር ዕቃ ፈላጊው ካደገ ዋጋው ይወጣል፤ ይህ የገበያ ሕግ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በአገራችን የማንኛውም መኪና ዋጋ ሲወጣ ኖሯል። ቮልሷ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበራት ዋጋ በብር እጥፍ ብታወጣ፣ የጨመረው የመኪናዋ ተፈላጊነት ይሁን የብሩ መቀነስ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። መለያው ዘዴ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ የቮልሷ ዋጋ ስንት ኩንታል ጤፍ ወይም ስንት ግራም ወርቅ ይገዛ ነበር? ዛሬስ? ልዩነቱ ትርፉን ይናገራል።

አዋቂ ገዢ የሚያያቸው አምስት ነገሮች

አንደኛ፣ ላሜራው። ቮልስ የምትሞተው በሞተር ሳይሆን በዝገት ነው። ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላል። አዋቂ ገዢ ወንበሩን አንስቶ ያያል፤ ከዚያም ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፣ ከበሩ ሥር ያለውንም ጠርዝ ይመረምራል። ላሜራው ላይ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ማስጠጋትም ይረዳል፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ የበዛበት ነው። ባትላሜራ የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ የተበላውን ቆርጦ በላሜራ ይተካል። ቸኳዩ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ያለብሰዋል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ለመሐል በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሥሪት ጀምሮ የሻንሲው ሦስተኛ አኃዝ የሥሪቱን ዓመት ያመለክታል። በ117 የሚጀምር የ1967፣ በ118 የሚጀምር የ1968፣ በ113 የሚጀምር የ1973 ሥሪት ነው። ሻጩ 1967 ብሎ ሻንሲው 113 ካለ ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት መቆም አለበት። እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። ወረቀት ላይ የሰፈረው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓ? የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በዚህ ገበያ ብዙ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ ያልተነካው ነገር። የፋብሪካው መሪ፣ የመብራቶቹ መስታወት፣ የፍጥነት መለኪያው፣ የበር እጀታው፣ ቸርኬው ከነክዳኑ። እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ተለቅመው ሲጠፉ መልሶ ማግኘቱ ሞተር ከማደስ ይከብዳል። የወለቀውን ዕቃ ያልጣለ ባለቤት ገንዘብ አስቀምጧል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ወረቀቱ። ሊብሬው በማን ስም ነው? ቀረጥ የተከፈለበት ነው? በስንት ሰው እጅ አልፏል? ከዚህ በታች እንደሚብራራው ብዙ ግብይት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ታሪኩ። በመጀመሪያ ማን ገዛው? የትኛው ከተማ ኖረ? የተገዛበት ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የጥገና ደብተር አለ? በታላላቆቹ የዓለም ጨረታዎች ከመኪናው ጋር የሚቀርበው የሰነድ ጥራዝ ዋጋ ይጨምራል። በእኛም አገር አንድ መምህር ወይም አንድ ነርስ በደመወዟ የገዛችው፣ እስከ ዛሬ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ መኪና፣ ታሪኩ በወረቀት ከተደገፈ ከሌላው ይለያል። በቃል ብቻ የሚነገር ታሪክ ግን ሻጩ እንደወደደው የሚረዝም ነውና ዋጋ ሊቆረጥበት አይገባም።

አሁን ወደ ሁለቱ ቮልሶች እንመለስ። ቀዩ ላይ ገዢው የሚያየው አዲስ ቀለም ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለውን አያይም። ቸርኬውና ወንበሩ ተለውጠዋል፤ የቀድሞዎቹ የሉም። ደብዛዛው ግን የሚሸሽገው ነገር የለም። ጭረቱም ዝገቱም በግልጽ ይታያል፣ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል፣ ዕቃውም ሙሉ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለደበዘዘው ቀለም ሳይሆን ለእርግጠኝነቱ ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

አሮጌ መኪና ገዝቶ ማስቀመጥ ገንዘብ ማስቀመጥ ነው የሚሉ አሉ። ይህንን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ሰው መኪናውን በ500 ሺ ብር ገዛ እንበል። ለላሜራና ለቀለም 250 ሺ፣ ለሞተርና ለፍሬን 100 ሺ፣ ለወንበር፣ ለጎማና ለመስታወት ጎማዎች 100 ሺ ብር አወጣ። ጠቅላላው 950 ሺ ብር ሆነ። ለማቆሚያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለቦሎና ለጥቃቅን ጥገና በዓመት 30 ሺ ብር ቢያወጣ በአምስት ዓመት 150 ሺ ብር ይሆናል።

ያው 950 ሺ ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በአምስተኛው ዓመት ወደ 1 ሚሊዮን 332 ሺ ብር ይደርሳል። የማቆያው ወጪ ሲታከል 1 ሚሊዮን 482 ሺ ብር ይሆናል። ደላላ 2 በመቶ ቢወስድ፣ ባለቤቱ ሳይከስር ለመውጣት መኪናውን ወደ 1 ሚሊዮን 512 ሺ ብር መሸጥ አለበት። ይህ ካወጣው 950 ሺ ብር 59 በመቶ ያህል ብልጫ አለው። ከዚህ በታች ከሸጠ፣ እጁ ላይ ብዙ ብር ቢታይም፣ ከስሯል።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ከግዢው ዋጋ ይልቅ ማደሻው ሊያከስር እንደሚችል ነው። ስለዚህ የተሟላውን በውድ መግዛት፣ የጎደለውን በርካሽ ገዝቶ ከማሟላት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሁለተኛው፣ የሚወጣው ወጪ ሁሉ በዋጋው ላይ ተመልሶ እንደማይገኝ ነው። ሞተሩን ማደስ ዋጋ ይጠብቃል። ሰፊ ቸርኬና ትልቅ ማርሚታ ግን የባለቤቱ ደስታ ናቸው እንጂ ለሚቀጥለው ገዢ ምንም አይደሉም።

ከዓለም ገበያ ምን እንማር?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ሁለት ብቻ ከተሠሩት አንዱ የሆነው የ1955 መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል። ዜናው ብዙ የአሮጌ መርሴዲስ ባለቤት አጓጉቷል። ሆኖም በዚህ ዋጋና በጎረቤት ግቢ በቆመችው መርሴዲስ መካከል የሚያገናኝ ነገር የለም። ሁለት ከተሠራ ዕቃና በሺዎች ከተሠራ ዕቃ አንድ ዓይነት ዋጋ አይጠበቅም።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ ነጋዴ የሚጠቅመው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሆነው ነው። ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ፣ ቀድሞም ሲወጣ የነበረው የፌራሪ ዋጋ ይበልጥ ተተኮሰ። መኪና ነድተው የማያውቁ ሰዎች በተበደሩት ገንዘብ ገዝተው በወራት ውስጥ ይሸጡ ጀመር። ከ1990 እ.ኤ.አ. በኋላ ገበያው ሲወድቅ የመጨረሻዎቹ ገዢዎች ዕዳውን ይዘው ቀሩ። ያልተጎዱት መኪናውን ወደውት የገዙት ነበሩ፤ ዋጋው ቢወድቅም መኪናው እጃቸው ላይ አለ። ለዚህ ነው በመስኩ የቆዩ ሰዎች «ባይሸጥም የማትቆጭበትን ግዛ» የሚሉት።

በአካባቢያችን ናይሮቢ የረጅም ጊዜ ልምድ አላት። በዚያ የአልፋ ሮሜዮ ባለቤቶች ክበብ በንጎንግ የፈረስ ውድድር ሜዳ በሚያካሂደው ትርዒት መኪኖቹ በዳኞች ይመረመራሉ። ሞተሩ፣ ውስጡ፣ ውጪውና ሥሩ እየታየ ነጥብ ይሰጣል። የክበብ ትርዒት ለገበያ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ገለልተኛ ዓይን ያየውና ነጥብ የሰጠው መኪና ሻጭና ገዢ ሲገናኙ የጋራ መነሻ ይኖራቸዋል። እንዲህ ያለ ምዘና በሌለበት ገበያ ዋጋ የሚቆርጠው የደላላው አንደበት ነው።

ወረቀት ያልያዘ ቅርስ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንምጣ። ከቆዩት መኪኖች ብዙዎቹ የገዟቸው ሰዎች በሕይወት የሉም። መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ሊብሬው በአባት ስም ነው፤ ልጆቹ ግማሾቹ አገር ውስጥ፣ ግማሾቹ ውጭ ናቸው። ደላላ መጥቶ ዋጋ ሲጠራ አንደኛው ልጅ ቀብድ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚመጣው።

በሕጋችን ተሽከርካሪ እንደ ተራ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በመተላለፍ ብቻ ባለቤትነቱ አይዛወርም። ስሙ በመዝገብ መዛወር አለበት። አባት በሕይወት ሳሉ የሰጡት ውክልና በመርህ ደረጃ በሞታቸው ያበቃል። ስለዚህ «አባባ ውክልና ሰጥተውኛል» ብሎ ከሞቱ በኋላ የሚሸጥ ልጅ የማይጸና ውል እየፈረመ ነው። ትክክለኛው መንገድ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥቶ፣ ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተው ወይም ሕጋዊ ወኪል ሰጥተው፣ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈጸም ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ወንድማማች ፍርድ ቤት ከሚገናኝ ይሻላል። ለገዢውም ቢሆን ያለ ስም ዝውውር የተገዛ መኪና የሚነዳ እንጂ የሚሸጥ ንብረት አይደለም።

ወረቀቱ አልስተካከል ሲል የሚከተለው ሌላ ነው። መኪናው ተፈታትቶ በዕቃነት ይሸጣል። ሞተሩ ለአንዱ፣ በሮቹ ለሌላው፣ መብራቶቹ ለሶማሌ ተራ ይሄዳሉ። ለአንድ ቀን ሻጩ ከሙሉ መኪናው የማይተናነስ ብር ሊያገኝ ይችላል። የቀሩት ባለቤቶችም መለዋወጫ ያገኛሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ የተፈታ መኪና ተመልሶ አይገጠምም፤ ከአገሪቱም ቁጥር አንድ ይቀንሳል።

በአሁኑ ጊዜ ሌላም ፈተና መጥቷል። ነዳጅ ሲወደድና የኤሌክትሪክ መኪና ሲበረታታ፣ የቮልስን ሞተር አውጥቶ ኤሌክትሪክ ማስገባት ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የቮልስዋገን ኩባንያ ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. እንዲህ የተለወጠች ቮልስ በፍራንክፈርት አሳይቷል። ይህንን የሚያስብ ባለቤት አንድ ነገር ልብ ይበል። የወጣው ሞተር በቅባት ታሽቶ፣ ከነቁጥሩ ይቀመጥ፤ ሻንሲው ላይ የሚቆረጥ ነገር አይኑር። መልሶ መግጠም ከተቻለ ዋጋው አልጠፋም።

የሚያውቅ እጅ

በመጨረሻ ገበያው ዋጋ ያልቆረጠለት አንድ ነገር አለ። ካርቡራተር በጆሮው ሰምቶ የሚያስተካክል፣ የቫልቭ ክፍተትን በጣቱ የሚያውቅ፣ ካንዴላ አይቶ ሞተሩ ምን እንደታመመ የሚናገር መካኒክ ዕድሜው ገፍቷል። ዛሬ ጋራዥ የሚገባ ወጣት የሚማረው መኪናን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ስህተት ማንበብ ነው። ቮልስ ደግሞ የሚነበብ ኮምፒዩተር የላትም።

ስለዚህ ቮልስ ገዝቶ ዋጋዋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ባለሀብት ከመኪናዋ ጋር አብሮ ሊያስብበት የሚገባው ይህንን እጅ ነው። የሚያነሳት መካኒክ ከጠፋ የቆመች መኪና የጓሮ ብረት ናት፤ ብረት ደግሞ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ክበቦቹ በሚያዘጋጁት ትርዒት ላይ ከሰልፉ ጀርባ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚቆም አንድ አዛውንት አይጠፋም። ዋጋ ጠያቂው ደላላ ብዙ ጊዜ አያየውም። አዋቂ ገዢ ግን ከባለቤቱ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት እርሱን ሰላም ብሎ፣ «አባባ፣ ይችን መኪና ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቋት?» ብሎ ይጠይቃል።